በአርበኞች መካከል ያረፉት እንግሊዛዊት

ሰው ታሪክን የሚማረው ከመጽሐፍና ከመምህር ብቻ አይደለም። ድምፅ ሳያሰማ የሚያስተምር አንድ ሌላ ትምህርት ቤት አለ፤ ይኸውም መካነ መቃብር ነው። በዚያ ማንም አይናገርም፥ ማንም አይከራከርም፤ ነገር ግን የሚያነብ ዓይንና የሚያስብ ልብ ይዞ የገባ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም። ይህን በማሰብ ባለፈው እሑድ፥ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ወደየቤቱ ከተበተነ በኋላ፥ ከአራት ኪሎ ተነሥተን በእግራችን ወደ መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ገባን።

ሰዓቱ የጸጥታ ሰዓት ነበር። ነጠላቸውን ያጣፉ ጥቂት አሮጊቶች ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ፤ ርግቦች ከጣራው ወደ ደረጃው ይወርዳሉ፤ የመኪናው ጩኸት ከግቢው አጥር ውጭ ቀርቷል። ይህ ካቴድራል መሠረቱ ከጠላት ወረራ አስቀድሞ ተጥሎ፥ ሥራው በወረራው ምክንያት ተቋርጦ፥ ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ተፈጽሞ በ1936 ዓ.ም. የተመረቀ ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን የነጻነት መታሰቢያም ነው ማለት ይቻላል።

በመቃብሮቹ መካከል ቀስ ብለን ስንራመድ የአገራችን የቅርብ ዘመን ታሪክ ገጹ እንደሚገለጥ መጽሐፍ ሆነልን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አጽማቸው በ1993 ዓ.ም. ወደዚህ መጥቶ በካቴድራሉ ውስጥ አርፏል። በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ የተገደሉት ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች መታሰቢያቸው በዚሁ ግቢ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ፥ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን፥ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ፥ ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠ፥ ሁሉም እዚህ ናቸው። በሕይወት ሳሉ በሐሳብ የተለያዩ፥ አንዳንዶቹም ቢገናኙ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሰዎች፥ ዛሬ በአንድ አፈር ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ካቴድራሉ ፊት ለፊት፥ የአርበኞች መቃብር ወዳለበት ስፍራ ዞርን። በዚያ አገራቸውን ከፋሽስት ለማዳን ጫካ የገቡ፥ በጥይትና በረሃብ የተፈተኑ ሰዎች አሉ። ከነሱ መካከል የተኛች አንዲት ነፍስ ግን ጠመንጃ ያልያዘች፥ ከዚህ አገር አፈር ያልተወለደች ናት። እሳቸውም እንግሊዛዊቷ ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው። ብዙ ሰው በአጠገቡ ያልፋል፤ ስሙን የሚያውቀው ግን፥ በተለይ ከወጣቱ ወገን፥ ጥቂት ነው። አንዲት የማንቸስተር ልጅ ከአርበኞቻችን ጋር ለመቀበር የበቁበትን ምክንያት ለአንባቢዎቻችን መንገር ተገቢ ሆኖ አገኘነው። በውጭ አገር የተደረገውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ በአገራችን የተደረገውን ደግሞ ዓ.ም. እያልን በራሳችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 በማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት የታወቁ ጠበቃ ሲሆኑ፥ ያገባች ሴት በገዛ ሀብቷ እንድታዝ የሚፈቅደውን ሕግ ካረቀቁት ሰዎች አንዱ ነበሩ። እኒህ ሰው ልጆቻቸውን ያሳደጉት ለሌላው ሰው የማይጠቅም ልጅ የድካም ዋጋ እንደሌለው እያስተማሩ ነበር። አባትየው እ.ኤ.አ. በ1898 በድንገት ሲሞቱ ቤተሰቡ ችግር ላይ ወደቀ፤ ሲልቪያም ያን ጊዜ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ። የአባታቸው ቃል ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አልተለያቸውም።

የሲልቪያ የመጀመሪያ ፍቅራቸው ሥዕል ነበረ። በማንቸስተር የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ሽልማት አግኝተው ወደ ቬኒስ ሄዱ፤ ቀጥሎም በለንደን በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ለመማር በውድድር አልፈው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1907 በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ እየተዘዋወሩ በፋብሪካ፥ በእርሻና በከሰል ማዕድን አጠገብ የሚሠሩትን ድሆች ሴቶች ሥዕል ሠሩ። ከወንዱ እኩል እየደከሙ ከወንዱ ያነሰ ደመወዝ የሚቀበሉትን እነዚያን ሴቶች በቅርብ ያዩ ጊዜ ልባቸው ተከፈለ። ብሩሹን ይዞ መቀመጥ ወይስ ብሩሹን ጥሎ መነሣት የሚል ጥያቄ መጣባቸው። ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ሲያወጡና ሲያወርዱ ቆይተው፥ በመጨረሻ ሥዕሉን ተዉት። ሰው የሚጠላውን ነገር መተው አያስመሰግነውም፤ የሚወደውን መተው ግን ከባድ ነው። የሚስ ሲልቪያ መሥዋዕትነት የጀመረው ከወህኒ ቤት ሳይሆን ከዚህ ነው።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሴቶች የፓርላማ አባል ለመምረጥ መብት አልነበራቸውም። እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1903 በመኖሪያ ቤታቸው ሴቶችን ሰብስበው ለዚህ መብት የሚታገል ማኅበር አቋቋሙ። ታላቅ እህታቸው ክሪስታቤል መሪ ሆኑ፤ ሲልቪያ ደግሞ የማኅበሩን ዓርማና ሰንደቅ በእጃቸው ሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰሩ። ከዚያ ወዲያ ወህኒ ቤት እንደ ሁለተኛ ቤታቸው ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1913 የደረሰባቸው መከራ ከሁሉ ይበልጣል። በእስር ቤት ሳሉ እህል አንቀምስም ብለው ቢያድሙ፥ ጠባቂዎቹ ይዘው በጉሮሯቸው የጎማ ቱቦ እያስገቡ በግድ መገቧቸው። የሕዝቡ ቁጣ በበዛ ጊዜ መንግሥቱ አዲስ ሕግ አወጣ። ይኸውም በረሃብ የደከመችው እስረኛ እንድትለቀቅ፥ ትንሽ ስታገግም ደግሞ ተይዛ እንድትመለስ የሚያዝ ነበር። ድመት አይጥን ይዛ ለቃ፥ ለቃ ይዛ እንደምትጫወትባት ነውና ሕዝቡ የድመትና የአይጥ ሕግ ብሎ ጠራው። ሚስ ሲልቪያ በዚህ ሕግ ደጋግመው ተያዙ፤ ከእህል ብቻ ሳይሆን ከውሃና ከእንቅልፍም እየተከለከሉ ሰውነታቸው እስኪከሳ ድረስ ታገሉ። እ.ኤ.አ. በጁን 1914 ገና ከእስር እንደ ወጡ በፓርላማው በር ተኝተው፥ የምሥራቅ ለንደን ድሆች ሴቶች መልእክተኞች እስኪሰሙ ድረስ አልነሣም አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስኲትም በመጨረሻ መልእክተኞቹን ለመቀበል ተስማሙ።

ነገር ግን ያን ጊዜ ሚስ ሲልቪያ ከእናታቸውና ከእህታቸው ጋር ተለያይተው ነበር። እናትና እህት ትግሉን በባለጸጎች ወይዛዝርት መምራት መረጡ፤ ሲልቪያ ግን መብቱ ለልብስ አጣቢዋና ለፋብሪካ ሠራተኛዋም ካልሆነ መብት አይደለም ብለው በምሥራቅ ለንደን በድሆች ሰፈር ገቡ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እናትና እህት መንግሥቱን ደገፉ፤ እሳቸው ጦርነቱን ተቃወሙ። በተቃውሞ ብቻም አልቆሙም፤ ባሎቻቸው ለዘመቱባቸው ሴቶች በርካሽ የሚበላበት ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ሥራ ላጡት የአሻንጉሊት ፋብሪካ አቋቋሙ፤ አንድ መጠጥ ቤት የነበረ ሕንፃ ወስደውም የሕፃናት መዋያ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1918 ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ለሆነ ሴቶች በከፊል፥ በ1928 ደግሞ ለሴቶች ሁሉ ከወንድ እኩል የመምረጥ መብት ተሰጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚህ ደክሜያለሁ ብሎ ባረፈ ነበር። የሚስ ሲልቪያ ጠባይ ግን ይህን አልፈቀደም። እ.ኤ.አ. በ1920 ወደ ሞስኮ ሄደው ከሌኒን ጋር ተነጋገሩ፤ ሲመለሱም በጋዜጣቸው ባወጡት ጽሑፍ ምክንያት 6 ወር ተፈረደባቸው። ወዲያው ደግሞ ጋዜጣዬን ለፓርቲ ትእዛዝ አላስገዛም ስላሉ የእንግሊዝ ኮሚኒስቶች ከማኅበራቸው አባረሯቸው። ከኢጣልያ ከተሰደደው ሲልቪዮ ኮርዮ ጋር አብረው መኖር ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1927 ልጃቸው ሪቻርድ ተወለደ። ጋብቻ ሳይፈጽሙ በመውለዳቸው እናታቸው ክፉኛ አዘኑ፤ እናትና ልጅ ሳይታረቁም ኤመሊን እ.ኤ.አ. በ1928 ሞቱ። አንባቢ እንዲያስተውል የምንፈልገው እሳቸው በሁሉ ነገር የተመሰገኑ ሰው እንዳልነበሩ ነው። ግትር ነበሩ፤ ከወዳጅ ጋር ቶሎ ይጣላሉ፤ የዘመኑን ልማድም አያከብሩም ነበር። ሆኖም ያንኑ ግትርነት ኋላ ለኛ አገር አዋሉት።

የሚስ ሲልቪያ ዓይን ወደ ኢትዮጵያ የዞረው በኢጣልያ በኩል ነው። ፋሽስቶች እ.ኤ.አ. በ1924 የምክር ቤት አባሉን ማቴዎቲን ከገደሉ በኋላ የሙሶሊኒን ሥራ በቅርብ ይከታተሉ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት እንደ ተሰማ ጦርነት እንደሚመጣ ተረድተው ለጋዜጦችና ለሹማምንት ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ከነበሩት ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጋር ተዋውቀው ስለ አገራችን ብዙ ነገር ተማሩ።

የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ይህች ቀን በአውሮፓ ሜይ 5 ነበረች፤ ማለትም የሚስ ሲልቪያ 54ኛ የልደት ቀን። በዚያችው ቀን የተጻፈበት የጋዜጣቸው የመጀመሪያ ቁጥር ወጣ። ስሙም ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ነበረ። ዓለም የኢትዮጵያ ነገር አለቀ ባለበት ቀን እሳቸው ገና ተጀመረ አሉ። ይህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ከዚያች ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ሙሉ ወጥቷል።

አንድ ጋዜጣ ምን ይፈይዳል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ ለሚል ሰው የዚያን ዘመን ሁኔታ ማስታወስ ይገባል። ወረራው ከተፈጸመ ሁለት ወር ሳይሞላ የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ ያደረገውን የንግድ ቅጣት አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1938 የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ከሙሶሊኒ ጋር ተዋውሎ ወረራውን በሕግ ዐወቀ። ንጉሠ ነገሥቱ በባዝ ከተማ በስደትና በችግር ይኖሩ ነበር። ታላላቆቹ ጋዜጦች ስለ ሌላ ነገር ይጽፉ ጀመር። በዚህ ጊዜ አርበኞቻችን በየዱሩ እንደሚዋጉ፥ አገሪቱ ተወረረች እንጂ እንዳልተገዛች፥ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የደረሰው ጭፍጨፋ ምን ይመስል እንደ ነበር በየሳምንቱ የሚናገር አንድ ጋዜጣ ተገኘ። ጋዜጣው ወደ ምዕራብ አፍሪቃና ወደ ካሪብ ደሴቶችም ይላክ ነበር፤ በዚያ ያሉ ጥቁር ሕዝቦች የኢትዮጵያን ነገር እንደ ራሳቸው ነገር አድርገው ያነቡት ነበር።

የሚያስደንቀው ይህን ሁሉ ያደረጉት በገንዘብ ተደላድለው አለመሆኑ ነው። ከለንደን ወጣ ብሎ በውድፎርድ ባለው ቤታቸው ሌሊቱን ይጽፋሉ፥ ቀን ለጋዜጣው ገንዘብ ይለምናሉ፥ ለፓርላማ አባሎች ደብዳቤ ያዘንባሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሹሞች ደብዳቤያቸው በመጣ ቁጥር ይሰለቹ ነበር። ናዚዎች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ወዲያው ሊያስሯቸው ባሰቡት ሰዎች መዝገብ ላይ የሲልቪያ ፓንክረስት ስም ተጽፎ መገኘቱ፥ ጠላት ከወዳጅ ይልቅ ዋጋቸውን ዐውቆት እንደ ነበር ያስረዳል።

አገራችን በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታገኝም ሥራቸው አላለቀም። የገዛ መንግሥታቸው የእንግሊዝ ጦር በኢትዮጵያ ላይ የያዘውን ሥልጣን እንዲተው ተከራከሩ። ኤርትራና ሶማሊያ ወደ ኢጣልያ እንዳይመለሱ ጻፉ። እንግሊዞች ከምፅዋ ወደብ ሕንፃና መሣሪያ እየነቀሉ ሲወስዱም ይህን ነውር በመጽሐፍ አጋለጡ። የሰው ልጅ የሌላውን አገር በደል ማውገዝ ይቀለዋል፤ የራሱን አገር በደል ማውገዝ ግን ድፍረት ይጠይቃል።

በዚህ ጊዜ የደረሰ አንድ ኀዘን ለሌላ ሥራ አነሣሣቸው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ በለንደን የነርስነት ሙያ ተምረው ነበር። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሕዝቡን ሊያገለግሉ ሲያስቡ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በወሊድ ምክንያት ሞቱ። ሚስ ሲልቪያ በስማቸው ሆስፒታል ይሠራ ብለው በእንግሊዝ አገር ገንዘብ መሰብሰብ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ከጦርነቱ ደክሞ በነበረበት ዘመን ሳንቲም ከሳንቲም እያጠራቀሙ ዓመታት ደከሙ፤ ሆስፒታሉም እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሎ የሚታወቀው የዚያ ሥራ ፍሬ ነው።

ሲልቪዮ ኮርዮ እ.ኤ.አ. በ1954 ሞቱ። ሚስ ሲልቪያም በ1948 ዓ.ም. ክረምት፥ በ74 ዓመታቸው፥ ቤታቸውን ዘግተው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጡ። ብዙ ሰው በዚያ ዕድሜ ጡረታውን ይዞ እሳት ዳር መቀመጥ ነው የሚያስበው። እሳቸው ግን ብዙም ሳይቆዩ ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለ ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ። ስለ ትምህርት ቤቶች፥ ስለ ሆስፒታሎች፥ ስለ ሴቶች ኑሮ፥ ስለ ጥንቱ ታሪካችን ጻፉበት። ለዚህም እየተዘዋወሩ በዓይናቸው ያዩ፥ ሰውን ይጠይቁ ነበር። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1955 ስለ ኢትዮጵያ ሥልጣኔ ታሪክ የጻፉት ትልቅ መጽሐፍም ታትሞላቸዋል።

ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ለወጣት ሹም ትምህርት የሚሆን ነው። ገና በስደቱ ዘመን ሲተዋወቁ፥ እሳቸው በንጉሥ አገዛዝ እንደማያምኑ፥ የሚደግፏቸውም ንጉሥ ስለ ሆኑ ሳይሆን ጉዳያቸው እውነት ስለ ሆነ መሆኑን በግልጽ እንደ ነገሯቸው ይተረካል። ወዳጅነቱ በዚህ አልተበላሸም፤ እንዲያውም ጸና። እርግጥ ነው፥ በኋለኛው ዘመናቸው የኢትዮጵያን መንግሥት ጉድለት አይተው እንዳላዩ አልፈዋል ብለው የሚተቿቸው አሉ። ለእንግሊዝ ሚኒስትሮች ያልራራው ብዕራቸው እዚህ ለስልሶ እንደ ነበር መካድ አይቻልም። ፍቅር አንዳንድ ጊዜ ዓይንን ይሸፍናል። ይህን የምንጽፈው የሟችን ስም ለመቀነስ አይደለም፤ ታላቅን ሰው እንደ ሰው ማወቅ ከማምለክ ይሻላል ብለን ስለምናምን ነው እንጂ።

ሚስ ሲልቪያ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በ78 ዓመታቸው ዐረፉ። ዕለቱ የመስቀል በዓል ነበረ፤ የደመራው ዐመድ ገና ሳይበርድ፥ አደይ አበባ ሜዳውን ሸፍኖ ሳለ የሞታቸው ወሬ ተሰማ። ቀብራቸው በክብር ተፈጸመ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኙ። ቤተ ክርስቲያንም ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ሰጥታ ጸሎተ ፍትሐት አደረሰችላቸው። ከዚያም በዚህ በሥላሴ ደጅ፥ በአርበኞች መካከል ተቀበሩ። የእናታቸው ሐውልት በለንደን በፓርላማው አጠገብ ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆሟል። የልጅየው መታሰቢያ ግን ይህ የአዲስ አበባ አፈር ነው።

ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እዚሁ ቀርተው በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኑ፤ የአክሱም ሐውልት ከሮማ እንዲመለስም ከሌሎች ጋር ሳይታክቱ ታገሉ። እናትየው በጋዜጣ የጀመሩትን ልጅየው በታሪክ መጻሕፍት ቀጠሉት። የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እሳቸውም በዚሁ ግቢ ተቀበሩ። ስድስት ኪሎ በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት የሚያነብ ተማሪ ሁሉ፥ ሳያውቀው የእናትና የልጅ ባለዕዳ ነው።

ከመቃብሩ አጠገብ ቆመን ስናስብ አንድ ነገር ልባችንን ነካው። እኛ ዛሬ ስለ አንድ ነገር ስንጠየቅ ብዙ ጊዜ የምንመልሰው ጉዳዩ የኔ አይደለም፥ የሌላ ክፍል ነው በማለት ነው። ባለጉዳይ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የሚንከራተተው በዚህ ምክንያት ነው። ይህች ሴት የኢትዮጵያ ጉዳይ ጉዳዬ አይደለም ቢሉ የሚወቅሳቸው ማንም አልነበረም። ዘመድ የላቸው፥ ርስት የላቸው፥ ቋንቋውን አያውቁ። ነገር ግን በደል ባዩበት ቦታ ሁሉ ጉዳዩ የሳቸው ሆነ። ማንቸስተርም ቢሆን፥ ምሥራቅ ለንደንም ቢሆን፥ አዲስ አበባም ቢሆን መለኪያቸው አንድ ነበር።

እንግዲህ ተማሪው ወጣትና አዲሱ የመንግሥት ሠራተኛ እሑድ ቀን ጊዜ ቢያገኝ፥ ከአራት ኪሎ ጥቂት እርምጃ ነውና፥ ወደዚህ ግቢ ገባ ይበል። ቀስ ብሎ ይራመድ፤ ስሞቹን ያንብብ። ከአርበኞቹ መቃብር ሲደርስም ኮፍያውን አውልቆ ጥቂት ይቁም፤ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው ሲገባ የመጀመሪያውን ባለጉዳይ በምን ዓይን እንደሚያይ እዚያው ይወስን። እኛም ይህን እያሰብን ስንወጣ አሮጊቶቹ ዳዊታቸውን ጨርሰው ነበር፤ ፀሐይም ወደ ቀትር ደርሳ ነበር።